መተማ፦ ካሜራ የዘለላት ከተማ

ከተማ የሚኖረው በድንጋይና በቆርቆሮ ብቻ አይደለም፤ በምስልም ይኖራል። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ «የቶኪዮ ታሪክ» በተሰኘው ፊልሙ (1953 እ.ኤ.አ.) ከጦርነት ፍርስራሽ ያንሠራራው ከተማ ልጆችን ከወላጆቻቸው እንዴት እንዳራራቀ ያለ ጩኸት አሳይቷል። ቻይናዊው ዣ ዣንግኬ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የወርቅ አንበሳ የተሸለመበትን ፊልም የቀረጸው የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ውኃ ይውጣት በነበረችው በፌንግጄ ነው። ከ16 ዓመት በኋላ ሚስቱንና ልጁን ፍለጋ የመጣ አንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ በእጁ የያዘው አድራሻ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ያገኘዋል። አሮጌዋ ፌንግጄ ዛሬ የለችም፤ ምስሏ ግን አለ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ቢሰይመውም ከተማይቱ ከካሜራ ጋር መወዳጀቷ አልቀረም። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) የደርግ ዘመኗን አዲስ አበባ ከጣና ዳር መንደር ጋር አነጻጽሮ አቅርቦልናል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙዎች ወደ ቆዩ ፎቶግራፎችና ፊልሞች መሮጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤት ሲፈርስ ምስክሩ ምስል ነውና።

ለመሆኑ መተማስ? ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን በሚባለው ቆላ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የቆመችው ይህች ከተማ ከአንድ ጊዜ በላይ ፈርሳ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሠርታለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ስናር የሚወስደው የንግድ መንገድ በር ነበረች። ቡና፣ ሰምና ወርቅ ወጥቶባታል፤ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ተሽጦባታል። ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ የመጡ ተክሩሪዎች ሰፍረው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገዢዎች ግብር እየከፈሉ ኖረውባታል። በ1879 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር አቃጠላት፤ በማግሥቱ ዓመት ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያው ቈስለው ሞቱ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል አንዱን ገበያ በሁለት አገር ከፈለው። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ እንግሊዞችና ጣልያኖች ተፋለሙባት።

ከዚህ ሁሉ በሕዝብ ትዝታ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሞት። መተማ በአእምሯችን ከተማ ሳትሆን የጦር ሜዳ ናት።

ሲኒማውም ይህን አላረመም። ካሜራው ወደዚያ አካባቢ ሲቀርብ እንኳ ከተማዋን ዘሎ ያልፋል። የራዱ ሚሃይሌኑ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» (2005 እ.ኤ.አ.) የሚጀምረው ሱዳን ካለ የስደተኞች ሠፈር፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተጓጓዙበት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙዎቹ በእግራቸው ያቋረጡት የጎንደር ቆላና በውስጡ የሚኖረው ሕዝብ ከታሪኩ ውጭ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ ባሕሩ መዝናኛ ፊልም ደግሞ ይህንኑ ፍልሰት የቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነው። ወገኖቻችን የሞቱበት መንገድ በሌላ አገር መሬት ተተካ ማለት ነው።

«ፊልም ምን ይፈይዳል? መተማ የጎደላት ውኃና ሰላም ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። ነገር ግን እንደ በር ብቻ የምትታይ ከተማ የምትተዳደረውም እንደ በር ነው። ኬላ ይቆምላታል፤ ጉምሩክና ወታደር ይላክላታል። ነዋሪዋ ግን ዜጋ ሳይሆን አላፊ አግዳሚ፣ ሲብስም ተጠርጣሪ ኮንትሮባንዲስት ተደርጎ ይታያል። ዜና የሚሠራላትም ሰው ሲሞት ወይም መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው። ፖለቲካ ከምስል ይቀዳል የምንለው ለዚህ ነው።

የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ አለ፤ ወባና ሙቀት እየተጋፈጠ የሰው ማሳ ያጭዳል። ከማንም በፊት በቆላው የኖረው ጉሙዝ አለ። አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያዋህድ ነጋዴ አለ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ አጭር ድልድይ አለ፤ ወጣቶቻችን በካርቱም በኩል ሊቢያን እያለሙ ተሻግረውበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድ ደግሞ ሱዳናውያን በተራቸው ወደ እኛ ተሻገሩበት። ተሰዳጅና አስተናጋጅ በአንድ ድልድይ ላይ ቦታ የተለዋወጡበት ይህ ታሪክ ለአንድ ትልቅ ፊልም የሚያንስ አይመስለኝም።

ዣ ዣንግኬ ፌንግጄን ከግድቡ ውኃ አላዳናትም፤ ሰዎቿ ግን ስም የለሽ ሆነው እንዳይቀሩ አድርጓል። የእኛ የፊልም ባለሙያዎችም ከአዲስ አበባ ቪላዎችና ካፌዎች ወጥተው ወደ ቆላው ቢወርዱ መተማ አንድ ንጉሥ ከሞተባት ቦታ በላይ መሆኗን ባሳዩን ነበር። ይህ ካልሆነ ከተማዋን የምናስታውሳት በሚቀጥለው ጦርነት ይሆናል።