የመቀመጫና የኋላ ጭን ጡንቻዎች

መቀመጫ በሦስት ተደራራቢ ጡንቻዎች የተሠራ ነው። ትልቁ ሰው ከወንበር ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ጭንን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ በእርምጃ ጊዜ የዳሌን ሚዛን ይጠብቃሉ። የኋላ ጭን ጡንቻዎችም ሦስት ሲሆኑ፣ በዋነኛነት ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው ከጉልበት በታች ስለሚያያዙ ጉልበትን ለማጠፍ ያገለግላሉ።

ለተገልጋዩ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ግን በእነዚህ ጡንቻዎች ሥር የሚያልፈው ሳያቲክ ነርቭ ነው። በሰውነት ውስጥ ከሁሉም የሚወፍረው ይህ ነርቭ በመርፌ ከተጎዳ እግር ሊዝል፣ መዳፉን ወደ ላይ ማንሣትም ሊያቅት ይችላል። በመሆኑም መቀመጫ ላይ መርፌ የሚወጋው ከነርቩ መተላለፊያ በሚርቀው በላይኛው የውጭ ጎን ነው፤ ለሕፃናት የጭን የፊት ለፊት ውጫዊ ጎን ይመረጣል። ሲወጋ ወደ እግር የሚወርድ ንዝረት መሰል ሕመም የተሰማው ታካሚ ዝም ማለት የለበትም፤ ባለሙያው መርፌውን እንዲያወጣ ወዲያውኑ ይንገር።