ስለ ችሎታና ስለ ብቃት

«ችሎታ» የሚለው ቃል «ቻለ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ የዚህም ጥንቱ የግዕዙ «ክህለ» ነው። በአማርኛ ግን «ቻለ» ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ማድረግ ሆነለት፥ ሁለተኛው ታገሠ፥ ተሸከመ ማለት ነው። «ብቃት»ም «በቃ» ከማለት ይወጣል፤ ይኸውም በግዕዝ «በቍዐ»፥ ጠቀመ፥ ረባ ማለት ነው። እንግዲህ ቻይ የሚባለው እጁ የሠለጠነ ብቻ አይደለም፤ ልቡም የታገሠ ነው። ብቁም የሚባለው ለሌላው የጠቀመ ነው።

የጋሞ ሰዎች፥ ይልቁንም ዶርዜዎች፥ በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፥ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ስለዚህ የጋሞ ችሎታ በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያስበው ድሩንና ማጉን ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ግን ሁለተኛው ፍች ተገለጠ። በአዲስ አበባ አጠገብ፥ በቡራዩ በተነሣው ሁከት የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተሰደዱ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ተቈጥተው ለበቀል ወጡ። ሽማግሌዎቹም የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። እንዲህ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ በአገሩ ሥርዓት «ጎሜ» የሚባል ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ ጦር አልያዙም፥ ሥልጣንም አልነበራቸውም። የሞቱት ወገኖቻቸው ነበሩና ኀዘኑ የራሳቸው ነበር፤ እርሱን ስለ ቻሉ ሌላውን ደም መከልከል ቻሉ፤ ለማያውቁትም ጎረቤት በቁ። «ሙያ በልብ ነው» መባሉ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይገባል።