ከደረቀ ጭቃ ሥር ያለ ውሃ

የአውስትራሊያ በረሃ ነባር ሕዝቦች መሬት ቆፍረው እንቁራሪት በማውጣት፣ ጨምቀው ውሃዋን ይጠጡ ነበር። ይህ ልማድ አዘውትሮ የሚወራው ጥም ያስጨነቀው ሰው የመጨረሻ መላ ተደርጎ ነው። የእንቁራሪቷን አኗኗር ለተመለከተ ግን ጭንቀት ብቻውን የትም አያደርስም። መኖሪያዋ ዝናብ ሲጥል ኩሬ የሚሆን የሸክላ አፈር ረባዳ ነው። ኩሬው ሲጎድል ፊኛዋን በውሃ ሞልታ፣ በኋላ እግሮቿ እየቆፈረች ቁልቁል ትገባለች፤ የተገፈፈ ቆዳዋም ተደራርቦ እርጥበቷን የሚጠብቅ ሽፋን ይሆናታል። የምትይዘው ውሃ የክብደቷን ግማሽ ያህል ሊደርስ ይችላል። (እጅግ የቀጠነ ሽንት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ይጠጣል ግን።) ከላይ የሚታየው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ስለሆነ፣ የሚቆፍር ሰው የትኛው ረባዳ ባለፈው ዝናብ ውሃ እንዳቆረ ማስታወስና ምልክቱን መለየት ነበረበት። ዝርያዋ እ.ኤ.አ. በ1873 ሳይንሳዊ ስም አግኝታለች፤ ያም ሆኖ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ባልድዊን ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1894 ከሆርን የሳይንስ ጉዞ ጋር መካከለኛውን አውስትራሊያ ሲያጠና፣ የት እንደሚቆፈር ያሳየው የአገሬው ሰው ነው።

አንዲት እንቁራሪት ከጥቂት ጉንጭ በላይ አትሰጥም፣ ስለዚህ ነገሩ ተጋንኗል የሚል ሰው ይኖራል። በመጠኑ ልክ ነው፤ የበረሃው ኑሮ የቆመው በዓለት ጉድጓድ ውስጥ በሚጠራቀምና ከአሸዋ ሥር በሚወጣ ውሃ ላይ ነበር። ሆኖም በሁለት የውሃ ቦታዎች መካከል ላለ መንገደኛ ጥቂት ጉንጭም ዋጋ አለው። እንቁራሪቷ የአንድ ሰፊ የውሃ እውቀት ዳርቻ እንጂ ለብቻዋ የቆመች ጉድ አይደለችም።

እውቀት የሚለው ስም በዝቶበታል ለሚል፣ መልሱ ከአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ሥራ ይገኛል። አሳሹ ዴቪድ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1896 የምዕራቡን በረሃ ሲያቋርጥ ነባር ነዋሪዎችን እየያዘ፣ ተጠምተው ውሃ እንዲያሳዩት ጨው የበዛበት ሥጋ አብልቷቸዋል፤ ይህንንም የጻፈው ራሱ ነው። አልፍሬድ ካኒንግ እ.ኤ.አ. በ1906 የከብት መንጃ መንገድ ሲቀይስ ውሃ የሚመሩትን ነባር ነዋሪዎች በሰንሰለት አሰረ። ሁለቱም የፈለጉት ጉድጓድና ምንጭ እንጂ እንቁራሪት አልነበረም፤ የተጠቀሙበት እውቀት ግን ያው ነው። ይህን አያያዝ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው ንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን ካኒንግን ነፃ አወጣው። እሱም ተመልሶ ወደ 50 የሚጠጉ ጉድጓዶች አስቆፈረ፤ ብዙዎቹ የተቆፈሩት ነዋሪዎቹ ቀድሞውኑ ይጠጡባቸው በነበሩ ቦታዎች ላይ ነው።