ለማን እናጨብጭብ? ከሙኒክ እስከ ቡዳፔስት



ስፖርት ጨዋታ ነው ይባላል። የአገሩ ልጅ የሚሮጥበትን ውድድር በቴሌቪዥን ያየ ሰው ግን ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ልብ ይመታል፣ መዳፍ በላብ ይርሳል፣ ቡናው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። ከኢትዮጵያ ለመጣነው የእስራኤል ነዋሪዎች ደግሞ የምንጨነቅለት ባንዲራ ሁለት ነው። ታሪኩን በአጭሩ ላቅርብ፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ የ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ገና በጎንደርና በትግራይ ገጠሮች ይኖር ነበር፤ የውጭ ወሬ የሚሰማውም ሬዲዮ ካለው ሰው ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ ንጋት ላይ ታጣቂዎች የእስራኤል ልዑካን ወደሚያድሩበት ቤት ገቡ። 11 ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ተገደሉ። በማግሥቱ ጠዋት የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ተደረገና በዚያው ዕለት ውድድሩ ቀጠለ። መቀጠሉ ትክክል ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እኔ በበኩሌ ሟች ሳይቀበር ፊሽካ መነፋቱ አይዋጥልኝም። ማራቶኑ በአንድ ቀን ተላልፎ ሴፕቴምበር 10 ቀን ተካሄደ። የ1968ቱ የሜክሲኮ ባለ ድል ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። ምሩጽ ግን ለ5,000 ሜትር ማጣሪያው ሳይደርስ ቀረ፤ ምክንያቱም በየሰዉ አፍ በተለያየ መንገድ ይነገራል። ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀቶች አሸንፎ እንባውን እስኪያብስ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

የ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ ሲደርስ ሁኔታው ተለውጧል። በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው እስራኤል ከገባ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር፤ ብዙው በሆቴልና በካራቫን ሆኖ ኡልፓን ይማራል። ጁላይ 30 ቀን ያኤል አራድ በጁዶ የብር ሜዳልያ አገኘች። ለእስራኤል የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ይህ ነው፤ እርስዋም በሙኒክ ለተገደሉት መታሰቢያ አደረገችው። ከስምንት ቀን በኋላ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደችና ወርቁን ወሰደች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ዕብራይስጥ ፊደል ገና የሚቆጥሩ ሰዎች በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ እልል የሚሉበት ነገር አገኙ። አንደኛው ጁዶ ሌላው ሩጫ ስለሆነ መምረጥም አላስፈለገም።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2022፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና በዚያችው በሙኒክ ተደረገ። በማራቶኑ ማሩ ተፈሪ ለእስራኤል ወርቁን ያዘ ስንል ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አለፈው። ልዩነቱ 2 ሰከንድ ነው! ብዙ ሰው ራሱን ይዞ ቀረ። ወዲያው ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ሆኖ ገባ፤ የቡድኑ ሯጮች ሰዓት ሲደመር ደግሞ እስራኤል በቡድን አንደኛ ሆነች። ከተማይቱ ሙኒክ መሆንዋን የሚያስታውስ ሰው እልልታውን ከእንባ መለየት አይችልም ነበር።

ዋናው ጭንቅ የመጣው በዓመቱ ነው። ኦገስት 27 ቀን 2023፣ እሑድ ጠዋት፣ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የኡጋንዳው ቪክቶር ኪፕላንጋት ማራቶኑን እየመራ ነው። ከኋላው ያሉት ለኢትዮጵያ የሚሮጠው ልዑል ገብረሥላሴና በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የመጣው ማሩ ናቸው። የቀረው ብርና ነሐስ ነው። አንዱ ሲደሰት ሌላው ማዘኑ የማይቀር ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ቢጠሩ በአማርኛ አቤት የሚሉ ናቸው። እኛ ቤት ሁሉም ቆሞ “አይዞህ፣ በርታ!” ይላል። እዚህ የተወለደው ልጄ ዞር ብሎ በዕብራይስጥ “ለየትኛው ነው?” ሲል ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ማሩ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገባ፤ ልዑልም ከ7 ሰከንድ በኋላ ተከተለው።