ስያሜው ያው፣ ባለቤቱ ሌላ፦ የቢራ ፋብሪካዎች ሽያጭ፣ የቆዩ የንግድ ስሞችና የገብስ አምራቹ

በአንዲት የወረዳ ከተማ ግሮሰሪ ገብቶ «ጊዮርጊስ» ወይም «ሐረር» ብሎ የሚያዝዝ ሰው የሚጠራው ስም እንጂ ኩባንያ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ በፈረስ ተቀምጦ ደራጎን የሚወጋው ሰማዕት ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ነው። ከስሙ በስተጀርባ ያለው ባለቤት ግን ባለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ተለውጧል፤ አንዳንዱም ከአንድ ጊዜ በላይ ተለዋውጧል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተ፣ በሀገሪቱ ቀዳሚው የቢራ ፋብሪካ ነው። በደርግ ዘመን ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አካል የሆነው ቢጂአይ ገዛው። ከዚያ በኋላ ተራው የሌሎቹ ሆነ። የኔዘርላንድሱ ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌንና ሐረርን በድምሩ በ163 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ጠቀለለ። ወራት ሳይቆይ የብሪታንያው ዲያጆ ሰበታ የሚገኘውን ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በጎንደር የተቋቋመው ዳሸን እ.ኤ.አ. በ2012 ዱዌትና ቫሳሪ የተባሉ የውጭ ባለሀብቶችን በሽርክና አስገብቶ ሁለተኛ ፋብሪካውን በደብረ ብርሃን ገነባ። ሐበሻ ቢራ ደግሞ በሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰበ አክሲዮን ቢጀመርም፣ የኔዘርላንድሱ ባቫሪያ ዋነኛ ባለድርሻ ሆኖበታል።

ሁሉም በአንድ ቃል «ተሸጠ» ይባል እንጂ መንገዶቹ የተለያዩ ናቸው። በጠቅላላ ግዥ አዲሱ ባለቤት ፋብሪካውን፣ ዕዳውንና ስሙን አንድ ላይ ይረከባል። በሽርክና ነባሩ ባለቤት በቦርዱ ውስጥ ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚወስነው የአክሲዮን ድርሻው መጠን ነው። ሦስተኛው መንገድ የፈቃድ ውል ነው። በእርሱ የሚተላለፈው የባለቤትነት መብት ሳይሆን በስሙ የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት የሚመዘገበው ለሰባት ዓመት ሲሆን እየታደሰ ይቀጥላል፤ ከፋብሪካው ተለይቶ ሊሸጥም ሆነ ሊከራይ የሚችል ንብረት ነው። ብዙ ደንበኞች ይህን አያስተውሉም።

ገዢ ኩባንያ ከሕንፃውና ከጋኑ ይልቅ ብዙ የሚከፍለው ለስሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋን በአንድ ዓመት ይተከላል፤ ሰው ሳያስብ የሚጠራው ስም ግን የትውልድ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ ስም ማስለመድ እጅግ ከብዷል። ቀድሞ የታወቀው ስም በዚያው ልክ ውድ ሆኗል።

ሆኖም ስሙን መግዛት ፍቅሩን መግዛት አይደለም። ዲያጆ ሜታን ከያዘ በኋላ «ዘመን» የተሰኘ ሌላ ቢራ ጨምሮ አዳዲስ ምርቶችን አቀረበ፤ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ፋብሪካውን ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። በዚህም ቅዱስ ጊዮርጊስና የሰበታው ሜታ፣ ለአሥርት ዓመታት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲፎካከሩ የኖሩ ስሞች፣ በአንድ ጌታ ሥር ገቡ። ሄኒከንም በበኩሉ በደሌንና ሐረርን ሳይተው እ.ኤ.አ. በ2014 «ዋሊያ»ን አስተዋወቀ። አንድ ኩባንያ ብዙ ስሞች ሲኖሩት ለሁሉም እኩል ገንዘብ አያወጣም፤ የሚገፋውን ይገፋል፣ ሌላውን በነባር ደንበኞቹ ትከሻ ላይ ይተወዋል። የቆየ ስም የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ በይፋ ተዘግቶ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ዝምታ ነው።

«ጣዕሙ ተለውጧል» የሚለው የደንበኛ ቅሬታም ከባለቤት ለውጥ ጋር አብሮ ይመጣል። ብቅሉ፣ እርሾው ወይም የማጣሪያው ዘዴ ሲለወጥ ጣዕም በእርግጥ ይለወጣል። አንዳንዴ ግን የተለወጠው የጠጪው እምነት ነው፤ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም።

ቃል ገብቶ ማፍረስ የሚያስከትለውን ቁጣ ለማየት የእንግሊዙን ካድበሪ ቸኮሌት ማንሳት ይቻላል። የአሜሪካው ክራፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ካድበሪን ለመጠቅለል ሲደራደር፣ ሊዘጋ የታቀደውን የሶመርዴል ፋብሪካ ክፍት ለማቆየት እንዳሰበ ገልጾ ነበር። ግዥው በተጠናቀቀ በቀናት ውስጥ ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ምርቱም ወደ ፖላንድ ሄደ። የሀገሪቱ የኩባንያ ግዥ ተቆጣጣሪ ክራፍትን በይፋ ወቀሰ፤ የግዥ ሕጉም በኋላ ጠበቀ።

የባለቤት ለውጡ ከከተማው ግሮሰሪ ይልቅ ጠልቆ የሚሰማው ግን በአርሲ፣ በባሌ፣ በሰሜን ሸዋና በጎንደር ደጋማ ማሳዎች ነው። የቢራ ዋና ጥሬ ዕቃ ብቅል ሲሆን ብቅል የሚሠራው ከገብስ ነው። ለረጅም ዓመታት የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ብቻውን ፍላጎቱን ማሟላት ስላልቻለ ጠማቂዎች ብቅል ከአውሮፓ ያስገቡ ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ሲከፋ ግን አዲሶቹ ባለቤቶች ፊታቸውን ወደ አርሶ አደሩ አዞሩ። ዲያጆም ሄኒከንም ከገብስ አምራቾች ጋር የውል እርሻ ጀመሩ፤ ከነባሩ «ሆልከር» ጎን «ትራቭለር» እና «ግሬስ» የተሰኙ ዝርያዎች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቦርትማልት በደብረ ብርሃን፣ ሱፍሌ ደግሞ በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ትልልቅ የብቅል ፋብሪካዎችን ከፈቱ። የሚያስገርመው ቦርትማልት አክሴሬያል የተባለ፣ ሱፍሌም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንቪቮ የተባለ የፈረንሳይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ንብረት መሆናቸው ነው። የሸዋውን ገበሬ ገብስ የሚገዛው፣ በተዘዋዋሪ፣ የፈረንሳይ ገበሬ ነው ማለት ነው። የአሰላውን ፋብሪካም ቢሆን መንግሥት ሲሸጥ የገዛው የኦሮሚያ የግብርና ኅብረት ሥራ ፌዴሬሽን ነው።

አዲስ ገዢ ሲመጣ መለኪያውም ይጠብቃል። ለቢራ የሚሆን ገብስ የፕሮቲን መጠኑ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከመቶው ፍሬ ከ95 በላይ የሚሆነውም መብቀል አለበት። ዩሪያ አብዝቶ ወይም አዘግይቶ መጨመር ፕሮቲኑን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ለምግብ ገብስ የሚጠቅመው ልማድ ለቢራ ገብስ ምርቱን ሊያስመልስ ይችላል። ዝርያ ማቀላቀልም እንዲሁ፤ ፍሬዎቹ በአንድ ጊዜ ካልበቀሉ ብቅሉ ይበላሻል። ጠማቂው በሚፈልገው ዝርያ የዘራ አርሶ አደር፣ ያ ጠማቂ ቢወጣ ተመሳሳይ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ገዢ በቅርብ ላያገኝ ይችላል። ሁለት ተፎካካሪ ጠማቂዎች በአንድ ባለቤት ሥር ሲገቡም ለገብሱ የሚጫረተው ገዢ በአንድ ይቀንሳል። ሕጉ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ አስቀድመው ለንግድ ውድድር ተቆጣጣሪው እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው ለዚህ ዓይነቱ ስጋት ነው።

በመኸር መካከል ፋብሪካው ቢሸጥ የአርሶ አደሩ ውል ምን ይሆናል? መልሱ በሽያጩ ዓይነት ይወሰናል። የተሸጠው አክሲዮን ከሆነ ውል የፈረመው ድርጅት በሕግ ፊት ያው ነው፤ ዋጋውም ሆነ የግብዓት ብድሩ ይቀጥላል። የተሸጠው ሕንፃውና ንብረቱ ብቻ ከሆነ ግን ውሉ ለአዲሱ ባለቤት መተላለፉ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አምራቹ ገንዘቡን የሚጠይቀው ከወጣው ድርጅት ነው። ስለዚህ ውል የሚፈራረም ዩኒየን ወይም ማኅበር በሰነዱ ላይ የቢራውን ስም ብቻ ሳይሆን የተመዘገበውን ድርጅት ሙሉ ስም ማስፈር፣ የባለቤት ለውጥ ሲኖር ተተኪው ግዴታውን እንደሚረከብ የሚገልጽ አንቀጽ ማስገባትና ቅጂውን በእጁ መያዝ ይኖርበታል። የዋጋ አወሳሰኑ፣ የጥራት መለኪያውና ናሙናው በማን ፊት እንደሚወሰድም በዚያው ሰነድ ላይ ከዘር ወቅት በፊት መስፈር ያለበት ጉዳይ ነው።