የአቮካዶ ዝና፦ ማስረጃውና ገበያው



የጤና ምክር መስጠት የታሪክ ባለሙያ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ አቮካዶ የሚነገረው ውዳሴ እንደማንኛውም ሰነድ ሊመረመር ይገባል። ማን ተናገረው? በማን ወጪ? ምንስ ተለካ?

አቮካዶ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ለሺህ ዓመታት ሲበላ ኖሯል፤ ዓለም አቀፍ ዝናው ግን የቅርብ ነው። የካሊፎርኒያ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1915 ማኅበር መሥርተው «አሊጌተር ፒር» የሚለው ስም ቀርቶ ፍሬው «አቮካዶ» እንዲባል ወሰኑ፤ አዞን የሚያስታውስ ስም ገዢ አይስብምና። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ የአመጋገብ ምክር ቅባትን ሲያወግዝ ይኸው ፍሬ ተጠርጣሪ ሆነ። በ100 ግራሙ ውስጥ 15 ግራም ያህል ቅባት አለና። በኋላ የቅባት ዓይነቶች ልዩነት ይበልጥ ትኩረት ሲያገኝ፣ አብዛኛው የአቮካዶ ቅባት ከወይራ ዘይት ጋር የሚመሳሰል መሆኑ ተጠሪውን ነፃ አወጣው። ፍሬው ያው ነው፤ የተለወጠው ፍርዱ ነው።

በ2002 በሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ የሐስ አቮካዶ ቦርድ ከአምራቾችና ከአስመጪዎች በሚሰበስበው መዋጮ ማስታወቂያንም ምርምርንም ይደግፋል። ታዲያ በገንዘቡ የተሠራ ጥናት ሁሉ ሐሰት ነውን? በ2022 የወጡ ሁለት ጥናቶች መልሱን ያሳዩናል።

የመጀመሪያው ከ110,000 በላይ ሰዎችን ለ30 ዓመታት ተከታተለ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ፍሬ የሚመገቡት በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ16 በመቶ አንሶ ተገኘ። ይህ ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም፤ አቮካዶ የሚያዘወትር ሰው በሌላውም አኗኗሩ ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቦርዱ ራሱ ወጪውን የሸፈነው፣ 1,008 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንደኛው ወገን ለ6 ወራት በየቀኑ አንድ አቮካዶ እንዲበላ አደረገ። የሆድ ስብ አልቀነሰም፤ ኮሌስትሮልም የወረደው በጥቂቱ ነው። ከፋዩን የማያስደስት ይህ ውጤት ታትሞ ወጥቷል። ስለዚህ የገንዘቡን ምንጭ መጠየቅ ግዴታችን ነው፤ ፍርዱ ግን በልኬቱ ይጸናል።

ለእኛም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጥናቶቹ የመዘኑት ፍሬውን እንጂ በየጁስ ቤታችን ስኳር ተጨምሮበት የሚቀርበውን ብርጭቆ አይደለም። አቮካዶ በቅቤ ፋንታ ሲበላ መልካም ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ለደም ግፊቱ የታዘዘለትን ክኒን ትቶ በአቮካዶ የሚታመን ሰው የከፈለው ዋጋ በገበያ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።