ኔጋዋት፦ በአማርኛ «ቁጥብ ዋት»

የቆቃ ኃይል ማመንጫ ሦስት ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዳቸው 14.4 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ ሦስቱም በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ 43.2 ሜጋ ዋት ይሰጣሉ። ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ አዋሽ ላይ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር፣ ከእሱ በፊት የነበረውን አባ ሳሙኤልን በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከነዚህ ተርባይኖች የአንዱን የሚያህል ኃይል ያለ ግድብና ያለ ተርባይን ተገኘ። መብራት ኃይል፣ ያኔ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ይባል በነበረበት ዘመን፣ ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ በነፃ አደለ። የመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፖሎች ነበሩ። የዓለም ባንክ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በዚያ ዙር ከፍጆታ የቀነሰው 13.3 ሜጋ ዋት ገደማ መሆኑን አሰሉ። ከአንድ የቆቃ ተርባይን የሚጎድለው ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ኃይል በዓለም አቀፍ የኢነርጂ ቋንቋ «ኔጋዋት» ይባላል። ቃሉን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የፊዚክስ ባለሙያ ኤሞሪ ሎቪንስ ነው። በኮሎራዶ የአገልግሎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ባወጣው አንድ ሰነድ ላይ «ሜጋዋት» ሊባል የሚገባው በፊደል ግድፈት «ኔጋዋት» ተብሎ አየው። ግድፈቱን ወደደውና እ.ኤ.አ. በ1989 ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር የሐሳቡ መጠሪያ አደረገው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ኤሌክትሪክን ለራሱ ለኤሌክትሪኩ ብሎ አይፈልገውም። የሚፈልገው ብርሃን፣ የበሰለ እንጀራና የሚፈጭ ወፍጮ ነው። ያንኑ ብርሃንና ያንኑ እንጀራ ባነሰ ኃይል ማግኘት ከተቻለ፣ የተረፈው ኃይል ከማመንጫ እንደወጣ ያህል ይቆጠራል። ሊታቀድ፣ በጀት ሊመደብለት፣ ሊገዛም ይችላል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «አሉታዊ ዋት» ቢባል አንባቢው ጉዳት ያለው ነገር ይመስለዋል። «ትርፍ ዋት» ደግሞ ተመንጭቶ ገዢ ያጣውን ኃይል ያስታውሳል። ለአፍ የሚቀርበው «ያልተበላ ዋት» ነው፤ ምጣዱ ካርድ ይበላል፣ ማቀዝቀዣው መብራት ይበላል እያልን የለ? ሆኖም መብራት ጠፍቶበት በጨለማ የተቀመጠ ሰውም ምንም አልበላም፤ ኔጋዋት ግን ጨለማ አይደለም። ስለዚህ «ቁጥብ ዋት» እላለሁ። ቁጥብ የምንለው ሰው ቃል የሌለው ሳይሆን ቃሉን በከንቱ የማያፈሰው ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም «ቁጠባ»ን ከ«ብቃት» ጋር አጣምሮ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራ ስላደረገው፣ ቃሉ ከሕጉም ከጆሮም አይርቅም።

ቁጥብ ዋትን ከጨለማ መለየት ለእኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል፤ በአገራችን ቁጠባና ፈረቃ ተምታተው ኖረዋልና። በ2001 ዓ.ም. የኃይል እጥረቱ ሲበረታ ከተሞች ቀን እየተፈራረቁ መብራት ያገኙ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ጎደለ ተባለና ፈረቃ ተመለሰ። በሁለቱም ጊዜ ለሕዝቡ «ቆጥቡ» የሚል ጥሪ ቀርቧል። በፈረቃ የጠፋ መብራት ግን ቁጥብ ዋት አይደለም። ወፍጮው ቆሟል፣ የተማሪው ደብተር ተዘግቷል፣ ቡናው በከሰል ተፈልቷል። ቁጥብ ዋት ለመባል ሥራው ሁሉ እንደነበረ መቀጠል አለበት። ይህ መለኪያ ካልተጠበቀ ቃሉ ለእጥረት የሚሰጥ ያማረ ስም ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ እንዳይሆን ከመጀመሪያው መጠንቀቅ ይገባል።

የአምፖሉ ዕደላ መለኪያውን አሟልቷል። 60 ዋት የሚፈጀው ባለ ሽቦ አምፖል ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ለዚህም ነው ሲበራ እጅ የሚያቃጥለው። በምትኩ የሚገባው ቆጣቢ አምፖል በ11 ዋት ገደማ ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጣል። ልዩነቱ 49 ዋት ነው። አራት አምፖል ያለው ቤት በቀን አምስት ሰዓት ቢያበራ በወር ወደ 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፈዋል። ጥናቱ ያገኘው የአንድ ደንበኛ ወርሃዊ ቅናሽ ደግሞ ከዚህም በልጦ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤልኢዲ ከዚያም ያነሰ ይፈጃል።

አጥኚዎቹ ሌላም ነገር አይተዋል፦ ዕደላው ካበቃ በ18 ወራት ውስጥ ከመጀመሪያው ቅናሽ 20 በመቶ ገደማው ቀስ በቀስ ጠፍቷል። መብራት ሲረክስ ሰው አብዝቶ ያበራል። አንዳንዶች ይህን የፕሮግራሙ ድክመት አድርገው ያነሱታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሂሳቡ ቀለለልኝ ብሎ ለኩሽና አንድ አምፖል የጨመረ ቤት ኃይሉን አላባከነውም፤ ቀድሞ በጭላንጭል ይሠራ የነበረውን በብርሃን ሠርቶበታል። የሚያሳስበው አምፖሉ ሲቃጠል ምን ይተካዋል የሚለው ነው። ጥራት የሌለው ርካሽ አምፖል በጥቂት ወራት ይሞታል፣ ሰውም ወደ ለመደው ይመለሳል። ዕደላ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ገበያው ላይ የሚቀርበውን ዕቃ ጥራት መቆጣጠር ግን ዓመት እስከ ዓመት የማይቋረጥ ሥራ ነው።

ወደ ቆቃ ልመለስ። በውሃ ኃይል አገር የተቆጠበ ዋት ቀድሞ የሚገኘው ሐይቅ ውስጥ ነው፦ ተርባይኑን ያልመታ ውሃ ግድቡ ኋላ ተኝቶ ይቆያል። ከዚህ ሐይቅ የሚለቀቀው ውሃ ደግሞ አንዴ ብቻ አይሠራም። ከበታቹ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1971 የተሠሩት አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ያመነጩበታል። እዚህ የዳነ ውሃ ሦስት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ውሃ ነው ማለት ነው።

በእርግጥ ውሃውን እንዳሻ ማቆየት አይቻልም። የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ ማሳዎች ከአዋሽ ይጠጣሉ፤ መብራት ቢፈለግም ባይፈለግም የሚለቀቅ ውሃ አለ። ሐይቁም እንደ ድሮው አይደለም። ከደጋው የሚወርደው ደለል ከመጀመሪያው የመያዝ አቅሙ ከሩብ በላይ ወስዶበታል። እምቦጭም በኢትዮጵያ መጀመሪያ ታየ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1965 እዚሁ ቆቃ ላይ ነው። ሐይቅ እየጠበበ ሲሄድ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ዋጋው ይጨምራል። አዳማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102፣ አቅማቸው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት፣ አንዱ ጥቅማቸው ይህን ውሃ ማዳናቸው ነው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ውሃው በሚቀንስበት ወራት በመሆኑ ግድቦቹን ያሳርፋል። ነፋሱ ግን በምሽት ይንፈስ ተብሎ አይታዘዝም። የቤት ፍጆታ ቢያንስ በከፊል ሊታዘዝ ይችላል፤ እዚህ ላይ ምጣድ ይመጣል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈጃል። መካከለኛውን፣ 3.5ን እንውሰድ። 12,000 ያህል ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢሰኩ የቆቃን ሦስት ተርባይኖች ሙሉ ኃይል ይጨርሱታል። አዳማን፣ ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አስቦ ለሚያይ ይህ ብዙ ቁጥር አይደለም።

አንዲት ጋጋሪ ምጣዱን ስትሰካ መጀመሪያ የምትጠብቀው ሸክላው እስኪግል ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ምጣዱ መጋሉን የምታውቀው በጎመን ዘር አሰስ አድርጋ ወይም ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጋ ነው፤ እስከዚያ የተበላው ኃይል አንድም እንጀራ አላወጣም። ወፍራሙ ሸክላ ሙቀት ይጠጣል፣ ከሥሩ መከለያ የሌለው ምጣድ ደግሞ ወደ መሬት ይተፋዋል። ጋግራ ስትጨርስ ነቅላ ትተወዋለች፤ ሸክላው ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት የምትጋግር ከሆነ በወር ከ42 ኪሎ ዋት ሰዓት ያላነሰ በምጣድ ብቻ ይሄዳል። ዝቅተኛው ታሪፍ የሚሠራው እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ነው። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ የሚቀረው ስምንት ነው ማለት ነው።

ቆጣሪ የሚጋሩ ቤቶች ነገር ከዚህ ይብሳል። በአንድ ግቢ አራት አምስት ቤተሰብ ከአንድ ቆጣሪ ሲቀጥል፣ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው የታሪፍ እርከን ይወጣል። ለድሃው ታስቦ የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ለድሃው ሳይደርሰው ይቀራል፤ ይህ ሊታረም የሚገባው በደል ነው። እነዚያው ግቢዎች ግን ለቁጥብ ዋት ሌላው የሌለው ዕድል አላቸው። ጎረቤታሞች ተራ ይዘው ተከታትለው ቢጋግሩ፣ ምጣዱ አንዴ እንደጋለ ለሁለትና ለሦስት ቤት ያገለግላል። በቀረ ማሞቂያ ቁጥር ወደ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል፤ በወር አሥራ ሁለት ጊዜ ለሚጋግርና ማሞቂያው ሁሌም ለቀረለት ቤት ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ጋገራው ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ካለው የጭንቅ ሰዓት ወደ ረፋድ ወይም ወደ ከሰዓት ከተዛወረ ደግሞ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ይተነፍሳል።

ሸክላውን ማሳሳት፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ መከለያ ማድረግ፣ ክዳኑን ማጥበቅ፤ ይህን ሁሉ ምጣድ ሠሪዎች ያውቁታል። የሚያግደው ዋጋ ነው። የተሻለው ምጣድ ሲገዛ ይወደዳል፣ የሚያተርፈው ግን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ የወር ገቢው ለወሩ የማይበቃ ቤት ለነገ ትርፍ ብሎ ዛሬ አይከፍልም። ስለዚህ መክፈል ያለበት ኃይሉን የሚያገኘው ወገን ነው እላለሁ። አምፖል በነፃ የታደለ ጊዜ ብዙ ሰው ስጦታ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ በእውነቱ ግን ድርጅቱ ከደንበኞቹ ኃይል መግዛቱ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሻጭ ሽያጩ እንዲቀንስ ለምን ይረዳል የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን ገቢ ከሸጡት መጠን ጋር እንዳይያያዝ አድርጋ ችግሩን ፈታችው። እኛ ዘንድ ግን መልሱ ከዚያ ይቀላል። በዝቅተኛው እርከን የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ለረጅም ዘመን ከማምረቻ ወጪው በታች ሲሸጥ ኖሯል። እዚያ የሚተርፈው እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ለሻጩ ድርጅት የቀረ ኪሳራ ነው፤ ተነሥቶም ለፋብሪካ በተሻለ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ አንድ ዋት ሲቆጠብ ማመንጫው ላይ ከአንድ ዋት በላይ ይድናል፤ በመስመር ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀረውም አብሮ ይቀራልና።

ንጹሕ ኃይል የሚባለውም ከዚህ ጋር ይገናኛል። የድንጋይ ከሰል በሚያነድዱ አገሮች ቁጥብ ዋት ማለት ያልወጣ ጭስ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ስለሚመጣ፣ የቁጥብ ዋት ንጽሕና የሚታየው ከሰል ሻጩ ዘንድ ነው። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር በጆንያ የሚደረደረው የግራር ከሰል ገዢ የሚያገኘው መብራት ስለማይበቃ፣ ስለማይታመንም ነው። አንዱ ቤት ያተረፈው ኃይል ለሌላው ምጣድ ሲደርስ አንድ ግራር ሳይቆረጥ ያድራል።

ለመጀመር ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ቆቃ ላይ ከአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉትን ቤቶች መምረጥ፣ ትራንስፎርመሩ ላይ ቆጣሪ ተክሎ የምሽቱን ጭነት ለጥቂት ወራት መመዝገብ፣ ከዚያ አምፖሉንና የተሻሻለውን ምጣድ ሰጥቶ እንደገና መመዝገብ፣ ምንም ያልተሰጠው የጎረቤት ትራንስፎርመር ንባብ ደግሞ ለማነጻጸሪያ መያዝ። የሁለቱ ልዩነት በሜጋ ዋት ተጽፎ ከቆቃ (አዋሽ 1)፣ ከአዋሽ 2 እና ከአዋሽ 3 ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይግባ።